የብር ምንዛሪ ለውጥ ዋጋ ላይ ተፅዕኖ የለውም የሚል ውጤት ሲወጣ

ሀዋሳ ሆነው ለፒኤችዲ የምንዛሪ ለውጥ የሸቀጥ ዋጋን ምን ያህል እንደሚያንር የሚያጠኑት ባልደረባችን፣ በወርኃዊ መረጃ ያገኙት ተፅዕኖ ኢምንት ሆኖባቸው «ሞዴሉን ልቀይር?» ብለው ጠይቀዋል።

መጀመሪያ መመርመር ያለበት ሞዴሉ ሳይሆን የተጠቀሙበት የምንዛሪ ተመን ነው። እንደ ጥቅምት 2010 ዓ.ም. የ15 በመቶ ቅነሳ ያለ ዝላይ ካልመጣ በቀር የባንክ ተመን ለዓመታት የሚሄደው በትንሽ በትንሹ ነበር። ባንክ ወረፋ ላይ ዶላር ያጣ አስመጪ ግን ዕቃውን የሚተምነው በጥቁር ገበያ ዋጋ ነው። ባንኩ ተመኑን ሲያስተካክል ዋጋው ቀድሞ ጨምሮ ይጠብቀዋል፤ ሪግሬሽኑም (የተመኑንና የዋጋውን ግንኙነት የሚለካው ስሌት) «ተፅዕኖ የለም» ይላል። ስለዚህ የባንኩን ተመንና በሁለቱ ገበያዎች መካከል ያለውን ክፍተት (የሁለቱን ተመኖች ሎጋሪዝም ወይም ሎግ ልዩነት) ለየብቻ ያስገቡ። ይህን ሳያደርጉ ወደ ሌላ ሞዴል መሄድ ልፋት ነው።

ተመኑ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 (ጁላይ 29፣ 2024) ነው። ከጁላይ 31 ቀናት 28ቱ ያለፉት ከለውጡ በፊት ስለሆነ፣ የወር መጨረሻ ተመን ከወሰዱ ዝላዩ ጁላይ ላይ ይወድቅና ዋጋው ምላሽ ያልሰጠ ይመስላል። የወር አማካይ ይሻላል። በዚህ መጠን ዝላይ ላይ የሎግ ልዩነትን እንደ መቶኛ አያንብቡ፦ 1 ዶላር ከ57 ወደ 114 ብር ቢሄድ ጭማሪው 100 በመቶ ነው፤ በሎግ ግን 69.3። ኮፊሸንትዎ (ሪግሬሽኑ የሚሰጠው የተፅዕኖ መጠን) 0.3 ከሆነ ዋጋው የሚጨምረው 30 ሳይሆን 23 በመቶ ገደማ ነው።

የአይኤምኤፍን የምንዛሪ ኢንዴክስ ከተጠቀሙ ምልክቱ ይገለበጣል፤ እዚያ ሲጨምር ብር ጠነከረ ማለት ነው።

ምግብንና ምግብ ነክ ያልሆነውን ለይተው ያስሉ። የወር ደሚ (ለእያንዳንዱ ወር የሚገባ የ0/1 ተለዋዋጭ) የፋሲካን መዋዠቅ አይይዝም፤ በዓሉ በ2023 ኤፕሪል 16፣ በ2024 ሜይ 5 ነበር። የቅቤ፣ የእንቁላልና የሥጋ ገበያ የሚከተለው 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ነው፤ በእያንዳንዱ ወር የሚወድቁትን የጾም ቀናት ቆጥረው እንደ ተለዋዋጭ ያስገቡ። በክልል ደረጃ ከሠሩ ደግሞ ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ቁጥር የደቡብ ክልል ስለሆነ ሁለቱን ሰፍተው አንድ ተከታታይ መረጃ አያድርጉት።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ሎካል ፕሮጀክሽን (ከተመን ለውጥ በኋላ በየወሩ ያለውን የዋጋ ምላሽ ለየብቻ የሚገምት ዘዴ) ይሞክሩ፦ ምላሹን ከ0 እስከ 18 ወር፣ ያለፉትን 12 ወራት መረጃ አስገብተው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዝላይ ጋርም ያለእሱም ያስሉና ሁለቱንም ውጤት ለአማካሪዎ ያሳዩ፤ አንድ ወር ብቻ ኮፊሸንቱን የሚጎትተው ከሆነ ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።