ስለ እርዳታ ገንዘብ ለጠየቃችሁኝ

በግብረ ሰናይ ድርጅት ፕሮፖዛል ስጽፍ፣ ሪፖርት ሳዘጋጅ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥ፦ 90/10 የሚባለው ሕግ ምን ነበር?

መ፦ በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ነው። በሰብዓዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት ላይ መሥራት የሚችለው ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የማያገኝ ድርጅት ነው አለ። እዚህ አገር ደግሞ ለእድርና ለቤተ እምነት እንጂ ለሕግ ምክር ድርጅት የሚያዋጣ ሰው ጥቂት ነው። ሕጉ አትሥሩ ሳይል የገንዘቡን በር ዘጋ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ መክፈል ለማትችል ሴት በነፃ የሚቆም ነበር፤ ሠራተኞቹን ቀነሰ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ዘጋ። የሁለቱም የባንክ ሒሳብ ታገደ።

ጥ፦ ሌሎቹስ?

መ፦ ብዙዎቹ ወደ ልማት ዞሩ። "መብት" የሚለው ቃል ከፕሮፖዛል ጠፋ። ውኃ ልታወጣላት የሄድክ ሴት የመሬት ክርክሯን ስትነግርህ "እሱ የኛ ሥራ አይደለም" ማለት በጣም ከባድ ነው። ብያለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥ፦ መንግሥት የውጭ ገንዘብ ጠልቶ ነው?

መ፦ አይደለም። በእጁ እንዲያልፍ ፈልጎ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የልማት ፈንድ ገንዘብ ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት እንደ አገር ውስጥ ገቢ ተቆጥሯል እኮ።

ጥ፦ አሁንስ?

መ፦ በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 የ10 በመቶውን ገደብ አነሳ፣ ነግዶ ገቢ ማግኘትንም ፈቀደ። ትልቅ ለውጥ ነው።

ጥ፦ ለጋሹስ አያዝም?

መ፦ ያዛል እንጂ! ዘንድሮ ሥርዓተ ምግብ ካለ ሁላችንም ሥርዓተ ምግብ እንጽፋለን። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ የቀበሌው ሰው አያየውም። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሠራተኛው ይበተናል፣ የወረዳ ባለሙያውም በፕሮጀክት አበልና መኪና ይዞር ስለነበር ቢሮው ይቀመጣል። ጥር 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ለ90 ቀን አቆምኩ ስትል ስንቱ ሥራ በአንድ ጊዜ እንደቆመ አይታችኋል፤ የመንግሥት ጤና ሥራ ሳይቀር ተነካ።

ጥ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

መ፦ የአባላት መዋጮ፣ ትንሽም ቢሆን። ሌላው፣ ሒሳቡን ለባለቤቱ መንገር። አንድ ጊዜ ሪፖርታችንን በአማርኛ አዘጋጅተን በቀበሌ ስብሰባ አነበብን። አንዲት እናት ተነሥተው "ይኼ ሁሉ ብር በኛ ስም ነው የመጣው?" አሉ። የሒሳብ ሠራተኛችን አንድ በአንድ ሲያስረዳቸው አመሸ፤ በዓመቱ ዕቅድ ስናወጣ ሴትዮዋ አብረውን ተቀመጡ።