ኩላሊትን የሚሠራው ማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ፅንሱ ውስጥ «እዚህ ጋ ኩላሊት ይሠራ» ብሎ የሚያዝ ምንድን ነው?

ብቻውን የሚያዝ የለም፤ ሁለት ወገኖች ተነጋግረው ነው የሚሠሩት። አንዱ በፅንሱ ጀርባ በኩል ቁልቁል የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ሌላው ከቱቦው ጎን የተሰበሰቡ ህዋሳት። ንግግሩን የሚጀምሩት እነዚህ ህዋሳት ናቸው፦ ጂዲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ። ቱቦው ላይ ደግሞ አርኢቲ የተባለ ተቀባይ አለ። ፕሮቲኑ ሲደርሰው ከቱቦው እምቡጥ ይወጣና ወደ ህዋሳቱ ያድጋል፤ በሰው ይህ የሚሆነው በ5ኛው ሳምንት ግድም ነው። እምቡጡ ገብቶ ቅርንጫፍ ሲያወጣ በተራው ዊንት 9ቢ የተባለ መልእክት ይልካል። መልእክቱ የደረሳቸው ህዋሳት ዊንት 4 የተባለውን ዘረመል ያነቃሉ፤ ተጠጋግተው ድቡልቡል ይሆናሉ፤ ውስጣቸው ይከፈትና ደም የሚያጣራው ኔፍሮን ይሆናሉ። እምቡጡ ራሱ ሽንት ሰብሳቢዎቹንና ወደ ፊኛ የሚያወርደውን ቱቦ ይሠራል። በ1996 እ.ኤ.አ. ጂዲኤንኤፍ የሌላቸው አይጦች ሲፈጠሩ ግልገሎቹ ያለ ኩላሊት ወይም ጅምሩን ብቻ ይዘው ተወለዱ።

ህዋሳቱ ሁሉ ኔፍሮን ቢሆኑ ክምችቱ ቶሎ አያልቅም?

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ሲክስ 2 የተባለ ፕሮቲን ከፊሎቹን ህዋሳት «ገና ነው» ብሎ ያቆያቸዋል፤ እነሱም እየተባዙ ለቀጣዩ ቅርንጫፍ ይተርፋሉ። ሲክስ 2 በሌላቸው አይጦች ህዋሳቱ ያለጊዜያቸው ኔፍሮን ይሆኑና ኩላሊቱ ቀጭጮ ይቀራል። በሰው ክምችቱ በ36ኛው ሳምንት ገደማ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ኔፍሮን አይጨመርም። ቁጥሩ በአማካይ በአንድ ኩላሊት 1 ሚሊዮን ገደማ ቢሆንም ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል። ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት የኩላሊት ነገር የሚያሳስበን ለዚህ ነው።

ቆሻሻውን እንግዴ ልጅ የሚያስወግድ ከሆነ የፅንሱ ኩላሊት ምን ይሠራል?

ሽንት ያመነጫል። ከእርግዝናው አጋማሽ ወዲህ የእንሽርት ውሃው በአብዛኛው ከዚያ ነው፤ ውሃው ከሌለ ሳንባ በደንብ አያድግም።

አንድ ኩላሊት ብቻ እንዳለኝ በአልትራሳውንድ ታየ። እናቴ ያጠፋችው ነገር አለ?

እናትዎን አይውቀሱ። ከ1,000 ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ይወለዳል፤ በአንዱ ጎን እምቡጡ ሳይወጣ ወይም የተጀመረው ሳይዘልቅ ይቀራል። ያለው ኩላሊት አብዛኛውን ጊዜ ገዘፍ ብሎ የሁለቱን ሥራ ይሸከማል። ቢሆንም የደም ግፊትዎንና ሽንትዎ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን በየጊዜው ያስመርምሩ።