ስቫልባርድ የሚሠሩበት ዘመን ለኖርዌይ የመኖሪያ ፈቃድ ይቆጠራልን?

ጥያቄ፦ ኦስሎ በጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ከዋናው ኖርዌይ በስተሰሜን፣ በአርክቲክ ባሉት የስቫልባርድ ደሴቶች፣ ሎንግየርቢየን ከተማ የ3 ዓመት ሥራ አግኝቻለሁ። እዚያ ቪዛም ፈቃድም አያስፈልግም ይባላል። ዘመኑ ለቋሚ ፈቃድ ይቆጠርልኛል? ባለቤቴን ከአዲስ አበባ መውሰድስ? ወደፊት በማዕድን ሥራ መሰማራትስ እችላለሁ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ የሰሙት እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም። በ1920 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የተፈረመው ውል ደሴቶቹን በኖርዌይ ሉዓላዊነት ሥር ሲያደርግ፣ የተዋዋዮቹ አገሮች ዜጎች በአደን፣ በዓሣ ማስገርና በማዕድን ሥራ እኩል መብት እንዲኖራቸው ደንግጓል። የኖርዌይ የውጭ ዜጎች ሕግም እዚያ ስለማይሠራ፣ የየትኛውም አገር ዜጋ ያለ ፈቃድ ገብቶ መኖር ይችላል። ሆኖም መተዳደሪያ ያጣን ሰው የደሴቶቹ አስተዳዳሪ ሊያስወጣው ሥልጣን አለው።

እጅግ የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ነው። በስቫልባርድ የኖሩበት ጊዜ ለቋሚ ፈቃድም ሆነ ለዜግነት አይቆጠርም። ደሴቶቹ ከሼንገን ክልል (አባል የአውሮፓ አገሮች በመካከላቸው ያለ ፓስፖርት ቁጥጥር ከሚያዘዋውሩበት ክልል) ውጭ ስለሆኑ ሲመለሱ የፓስፖርት ቁጥጥር ያልፋሉ፤ በዚያ ቀን ፈቃድዎ ጊዜው አልፎ ከተገኘ፣ ዓመታት የኖሩበት አገር በር ላይ እንደ አዲስ መጤ ቪዛ ይጠየቃሉ።

ባለቤትዎ ለደሴቶቹ ቪዛ ባያስፈልጋቸውም በረራው በዋናው ኖርዌይ በኩል ስለሚያልፍ፣ ለመመለሻም የሚሆን ሁለት ጊዜ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ ሊይዙ ይገባል። በከተማው የማዋለጃ አገልግሎት ስለሌለ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ከመውለጃዋ ሳምንታት አስቀድማ ወደ ዋናው ኖርዌይ እንደምትሄድም አብረው ያስቡበት።

የማዕድን ጥያቄዎ አጭር መልስ አለው። በ1925ቱ (እ.ኤ.አ.) የስቫልባርድ የማዕድን ደንብ መሠረት የማዕድን ቦታ የመያዝ መብት የተዋዋይ አገሮች ዜጎችና ኩባንያዎች ነው፤ ኢትዮጵያ የውሉ ተካፋይ አይደለችም። የመጨረሻው የኖርዌይ የከሰል ማዕድን፣ 7ኛው ጉድጓድ፣ ራሱ በ2025 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፤ ከሰል የሚወጣው ሩሲያውያን በሚሠሩበት በባረንትስቡርግ ብቻ ነው።

የቅጥር ውሉ ሲደርስዎ ከደመወዙ አስቀድመው የቤቱን አንቀጽ ያንብቡ። ሎንግየርቢየን ውስጥ አብዛኛው መኖሪያ የአሠሪ ስለሆነ፣ ሥራው የተቋረጠ ዕለት ቤቱንም መልቀቅ ሊመጣ ይችላል። ከመፈረምዎ በፊትም ፈቃድዎ የሚያበቃበትን ቀን ጠቅሰው ለኖርዌይ የውጭ ዜጎች ዳይሬክቶሬት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።