ባለቀለም እንቁላል የሚጥሉ ድቅል ዶሮዎች፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

በጓሮ ድቅል ዶሮ ለምታረቡና ለመጀመር ለምታስቡ ሁሉ፦ ስለ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር ቡናማ እንቁላል የመጣላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እየመለስኩ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ «ምን ላብላት?» የሚሉ ናቸው። የቅርፊቱ ቀለም ከመኖ አይመጣም፤ ከእናትና ከአባት ነው። በተለይ ከአባት የሚመጣውን ብዙዎቻችሁ ረስታችሁታል።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ እንቁላል እውነት ተፈጥሯዊ ነው? ባለቤቴ ቀለም ተቀብቶ ነው ብላ ድርቅ ብላለች።

መልስ፦ ተፈጥሯዊ ነው። ለማሳመን አንድ ሰማያዊና አንድ ቡናማ እንቁላል ስበርና ከቅርፊቱ ውስጥ የተለጠፈችውን ስስ ነጭ ሽፋን ልጠህ አሳያት። ቡናማው ከውስጥ ነጭ ነው፤ ሰማያዊው ግን ውስጡም ሰማያዊ ነው። ተቀባ የሚባል ካለ እንዲያውም ቡናማው ነው። ዶሮ አንድ እንቁላል ሠርታ ለመጣል 25 ሰዓት ያህል ይፈጅባታል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ ቅርፊት በመሥራት ያልፋል። ቢሊቨርዲን የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ቅርፊቱ ሲሠራ አብሮ እየገባ ይሄዳል። ፕሮቶፖርፊሪን የሚባለው ቡናማ ግን በብዛት በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ከላይ ይለበጣል። ጥቁር ቡናማ እንቁላል ገና እንደተጣለ፣ ሳይደርቅ በጣት ቢታሽ ቀለሙ ይለቃል።

ጥያቄ፦ አረንጓዴውስ? ሦስተኛ ቀለም አለ ማለት ነው?

መልስ፦ የለም። ሰማያዊ ቅርፊት ላይ ቡናማ ሲለበጥ ለዓይን አረንጓዴ ይሆናል። ቡናማው ስስ ከሆነ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ወፍራም ከሆነ የወይራ ፍሬ የመሰለ ጥቁር አረንጓዴ። አረንጓዴ እንቁላል ሰብራችሁ ውስጡን ስታዩ ሰማያዊ ነው። ሮዝማ የሚመስለው ደግሞ በነጭ ቅርፊት ላይ ያረፈ በጣም ስስ ቡናማ ነው፤ እንቁላሉን ከላይ የሚሸፍነው ተፈጥሯዊ ልባስ ሲወፍርም ቡናማው ወደ ሐምራዊ ያደላል። ይሄኛው ሲታጠብ ይጠፋል፤ ስለዚህ «ሐምራዊ እንቁላል ጣይ» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው እንቁላሉን አጥቦ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ጥያቄ፦ የሰማያዊው ዘር መነሻው የት ነው?

መልስ፦ በሰፊው የታወቀው ከቺሊ የማፑቼ ሕዝብ ዶሮዎች ነው፤ አራውካና የሚባለው ዘር የመጣው ከእነሱ ነው። ሳልቫዶር ካስቴዮ የተባሉ ስፔናዊ የዶሮ እርባታ መምህር እ.ኤ.አ. በ1921 ለዓለም የዶሮ እርባታ ጉባኤ ስላቀረቧቸው ዝናቸው ወጣ። ከዚያ አሜሪካውያን አሜሮካና የሚባለውን ሰማያዊ ጣይ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 እንደ ዘር ታወቀላቸው። እንግሊዝ አገር ደግሞ ፐኔትና ፒዝ የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ክሪም ሌግባርን አዳቀሉ፤ የእሱ ጫጩቶች ገና እንደተፈለፈሉ ወንዱና ሴቱ በቀለም ይለያሉ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት ሰማያዊውን ያመጣው ጥንት የዶሮ ዘረመል ውስጥ ገብቶ የቀረ የቫይረስ ቁራጭ ነው። የቻይናዎቹ ሰማያዊ ጣዮች ይህንኑ ለብቻቸው፣ በሌላ አጋጣሚ ነው ያገኙት። ቫይረስ ሲባል የደነገጣችሁ ተረጋጉ፤ ከአያት ቅድመ አያት የተወረሰ የዘር ምልክት እንጂ የሚጋባ በሽታ አይደለም።

ጥያቄ፦ «ኢስተር ኤገር» ተብለው ስድስት ቄቦች ገዛሁ። አራቱ አረንጓዴ፣ አንዷ ሰማያዊ ጣሉ፤ ስድስተኛዋ ግን ተራ ቡናማ። ተታልያለሁ?

መልስ፦ አልተታለልክም፤ እንዲያውም ዕድለኛ ነህ። ኢስተር ኤገር ዘር አይደለም፤ የሰማያዊውን ምልክት ሊሸከሙ የሚችሉ ድቅሎች የጋራ መጠሪያ ነው። ምልክቱ የበላይነት ስላለው ከአንድ ወገን ብቻ መውረስ ይበቃል። ከሁለቱም ወገን የወረሰች ዶሮ ለልጆቿ ሁሉ ታስተላልፋለች፤ ከአንዱ ብቻ የወረሰች ግን ለግማሾቹ ነው። እያንዳንዷ ጫጩት እንደ ሳንቲም ውርወራ ናት ማለት ነው። ያቺ ስድስተኛዋ ሳንቲሙ በሌላ ፊቱ የወደቀላት ናት። ሰማያዊ ከሷ አትጠብቅ፤ መቼም አትለውጠውም። አንድ ዶሮ ዕድሜዋን ሙሉ የምትጥለው አንድ ዓይነት ቀለም ነው፤ የሚለዋወጠው ድምቀቱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አውራ ዶሮዬ ማራን ነው፤ ሴቶቹ ንጹሕ አሜሮካና። ምን ይወጣል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ማራን በፈረንሳይ ከላ ሮሼል ከተማ አቅራቢያ ካለችው ማራን የመጣ፣ በጣም ጥቁር ቡናማ የሚጥል ዘር ነው። ሴቶችሽ ንጹሕ ከሆኑ ሰማያዊውን ለልጆቻቸው ሁሉ ይሰጣሉ፤ ከአባት የቡናማው ልባስ ይመጣል። ሴቶቹ ልጆች የወይራ አረንጓዴ ይጥላሉ፤ «ኦሊቭ ኤገር» የሚባሉት እነሱ ናቸው።

ወሬው የሚጣፍጠው ከሁለተኛው ትውልድ ነው። ልጆቹን እንደገና ከማራን አውራ ብታዳቅዪ ግማሾቹ ይበልጥ የጠቆረ ወይራ ይጥላሉ፤ ግማሾቹ ሰማያዊውን ስለማይወርሱ ቡናማ። ንጹሕ ሰማያዊ ካለው አውራ ብታገናኚያቸው ደግሞ ሁሉም ፈዘዝ ወዳለ አረንጓዴ ይመለሳሉ። እርስ በርስ ከተዳቀሉ ከአራት ሦስቱ ከሰማያዊና ከአረንጓዴው ወገን፣ አንዷ ቡናማ ትሆናለች ብለሽ ያዢ። ድምቀቱን ግን ማንም ቀድሞ አይነግርሽም፤ ሰማያዊው በአንድ ምልክት ሲወሰን ቡናማው በብዙ ምልክቶች ድምር ስለሚወሰን እኅትማማቾች እንኳ አይመሳሰሉም።

ጥያቄ፦ አውራው እንቁላል አይጥል፤ የያዘውን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ በሴት ልጆቹ። ነጭ እንቁላል ከሚጥሉ፣ ለምሳሌ ከሌግሆርን ሴቶች ጋር አዳቅልና ልጆቹ እስኪጥሉ ጠብቅ። ሁሉም ሰማያዊ ከጣሉ አውራው ከሁለት ወገን የወረሰ ነው፤ ግማሾቹ ነጭ ከጣሉ ከአንድ ወገን ብቻ። ከአንድ ወገን የወረሰ አውራ ስድስት ሴት ልጆቹን ሁሉ በአጋጣሚ ሰማያዊ ጣይ የማድረግ ዕድሉ ከ64 አንድ ስለሆነ ስድስት ልጅ ጥሩ ፈተና ነው። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ድቅል ቄብ አንዳንዴ እስከ ሰባት ወር ሳትጥል ትቆያለች። እኔ ግን አውራ ስመርጥ ከማንም የዘር ማስረጃ ይልቅ የእኅቶቹን እንቁላል አያለሁ።

ጥያቄ፦ ጫጩት ሳለች ቀለሙን ማወቅ አይቻልም? በጆሮዋ ይታወቃል ይባላል።

መልስ፦ የጆሮው ነገር፣ ማለትም ከጆሮዋ ሥር ያለችው ቆዳ ነጭ ከሆነች እንቁላሏ ነጭ፣ ቀይ ከሆነች ቡናማ የሚባለው፣ ለድቅል አይሠራም። ለንጹሕ ዘርም ቢሆን ያሳስታል፦ የካታሎኒያዋ ፔኔዴሴንካ ጆሮዋ ነጭ ሆኖ የምትጥለው ጥቁር ቡናማ ነው።

የተሻለው ምልክት አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነው። እንደ መጋዝ የቆመ ነጠላ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በሦስት ረድፍ የተደረደረ ትንንሽ እብጠት ከሆነ፣ የዚህ ቅርጽ ምልክትና የሰማያዊው ምልክት በአንድ ክሮሞሶም ላይ በጣም ተቀራርበው ስለሚገኙ ብዙ ጊዜ አብረው ይወረሳሉ። የአሜሮካና ድቅሎችን ስመርጥ የማየው እሱን ነው። ግን የወላጆቹን ዘር ሳታውቁ አትመኑት፤ ክሪም ሌግባር ነጠላ ሆኖ ሰማያዊ ይጥላል፣ ብራህማ ባለ ሦስት ረድፍ ሆኖ ቡናማ ይጥላል።

ጥያቄ፦ ሲጀምሩ የወይራ ጥቁር የነበረው አሁን ገርጥቷል። መኖ ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። የቡናማው ልባስ በመጣያው ወቅት መጀመሪያ ወፍራም ነው፤ ዶሮዋ ሳታርፍ በጣለች ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ላባዋን አርግፋ፣ አርፋ ስትመለስ ይደምቃል። ድንጋጤና ሙቀትም ያገረጡታል፤ ሌሊት ሽለምጥማጥ ቤቱን ቢዞር በማግስቱ የምታገኙት እንቁላል ኖራ የተነሰነሰበት ይመስላል። ኒካርባዚን የሚባለው የኮክሲዲያ (የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ) መድኃኒትም ቡናማውን ያነጣዋል፤ ለሥጋ ዶሮ የተዘጋጀ መኖ በስህተት ለጣይ ሰጥታችሁ እንዳይሆን ከረጢቱን አንብቡ። የአንዷ ብቻ ከገረጣ አትጨነቁ። የሁሉም በአንድ ሳምንት ገርጥቶ፣ ቅርፊቱ ሳስቶ ወይም ተሸብሽቦ፣ ከመካከላቸው የሚያስነጥስ ካለ ግን የመተንፈሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ መኖ ቀለም ካላመጣ ምን ያመጣል?

መልስ፦ ቅርፊቱን ያጠነክራል፣ አስኳሉንም ያቀላል። ለጣይ ዶሮ ፕሮቲኑ ከ16 እስከ 18 በመቶ የሆነ መኖ ስጧት፤ የተፈጨ የኦይስተር ዛጎል ደግሞ በሌላ ዕቃ ለብቻው አስቀምጡላት፣ የሚበቃትን ራሷ ታውቃለች። የጣይ መኖ ለጫጩት አትስጡ፤ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። ጥሬ ብቻ እየበተኑ «አልጥል አለች» የሚሉም አሉ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው፤ ደስ ቢላትም በጥሬ ብቻ ግን እንቁላል አይሞላም። የአስኳል ብጫ ከቅጠል፣ ከሣርና ከቢጫ በቆሎ ይመጣል። በምግብነት ረገድ ሰማያዊው ከነጩ አይበልጥም፤ የበለጠ ጤና ይሰጣል ብሎ አስወድዶ የሚሸጥን አትመኑ።

ጥያቄ፦ ቤታቸው ምን ያህል ይስፋ? ቅንቅንም አስቸግሮኛል።

መልስ፦ ቤት ውስጥ ለአንዷ ከአንድ ሦስተኛ ካሬ ሜትር ያላነሰ፣ ውጭ አንድ ካሬ ሜትር ያህል። ቆጥ ላይ ለእያንዳንዷ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ለአራት ለአምስት ዶሮ ደግሞ አንድ የመጣያ ሳጥን። ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያግዳል እንጂ አውሬ አይመልስም፤ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ጠንካራ ሽቦ አድርጉ። ቅንቅንን በቀን ፈልጋችሁ አታገኙትም። በሌሊት ባትሪ ይዛችሁ የቆጡን ጫፍና ስንጥቅ እዩ፤ ደም የጠጣ ቀይ ነጥብ ሲርመሰመስ ካያችሁ ችግሩ ከዶሮዋ ይልቅ ቤቱ ስለሆነ ቆጡን ነቅላችሁ እጠቡ። የሚንከባለሉበት ደረቅ አፈርም አይጥፋ። አዲስ ዶሮ ስታመጡ አንድ ወር ለብቻዋ አቆዩ። የፈንግል ክትባትን ነገር ሐኪም አማክሩ፤ ፈንግል ከገባ ጓሮውን በሳምንት ባዶ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ የወይራና የጥቁር ቡናማ እንቁላል በመፈልፈያ ማሽን ሳስገባ ሽሉ አይታየኝም።

መልስ፦ ቅርፊቱ ጥቁር ስለሆነ መብራቱ አያልፍም። በሰባተኛው ቀን ከማየት እስከ አሥረኛው ጠብቁ፤ ክፍሉን አጨልማችሁ ኃይለኛ ባትሪ በወፍራሙ ጫፍ በኩል አስጠጉ። የሚሸትና የሚያላብ ካልሆነ በቀር «ጨለመብኝ» ብላችሁ አትጣሉ። ሌላው እንደማንኛውም እንቁላል ነው፦ 37.5 ዲግሪ፣ 21 ቀን፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት እርጥበቱን ከፍ አድርጎ አለማገላበጥ። የምታቀፍ ዶሮ ካለቻችሁ ግን ማሽኑን ተዉት።

ጥያቄ፦ ጫጩቶቹን ለሽያጭ ሳቀርብ «አረንጓዴ ጣይ» ብዬ መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ የወላጆቹን እንቁላል ፎቶ አሳይ፣ ምን እንደተዳቀለ ንገር፣ ቀለም ግን ቃል አትግባ። ከስምንት ሳምንት በታች ወንድና ሴቱን እንኳ በእርግጠኝነት መለየት የሚያቅት ሰው የእንቁላል ቀለም ዋስትና ሲሰጥ ስሰማ ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ አሥራ አንድ ዶሮ፣ አራት ዓይነት አረንጓዴ። የትኛዋ የትኛውን እንደምትጥል በምን ልለይ?

መልስ፦ ማታ ቆጥ ላይ ሳለች አንዷን ያዢና እንቁላል የሚወጣበትን ቦታ ዙሪያ የምግብ ማቅለሚያ ቀቢያት። በማግስቱ ከእንቁላሎቹ አንዱ ላይ ጭረት ታገኛለሽ። ለሌላዋ ሌላ ቀለም ተጠቀሚና በሳምንት ውስጥ ሁሉንም ትለያቸዋለሽ። እግራቸው ላይ ቀለበት አድርጊና መዝግቢ።

ጥያቄ፦ ቀለም የነካው እንቁላል ይበላል?

መልስ፦ የምግብ ቀለም እስከሆነ ድረስ ይበላል። ሰማያዊ አትቀቢ እንጂ፤ ሰማያዊ እንቁላል ላይ ፍለጋው ያደክምሻል።