ስካነር ከመግዛትሽ በፊት

«የመጋዘናችን ግማሽ ቦክስ ፋይል ነው። አለቃዬ ሁሉንም ስካን አድርገሽ ወረቀቱን አስወግጂ ብሎኛል፤ ምን ዓይነት ስካነር ልግዛ?» ብለሻል። እኔ የመለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው፤ ይሄ ሥራ እኛም ጋ አልፏል። ስካነሩ ቀላሉ ነገር ስለሆነ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ «አስወግጂ» የሚለውን ለአለቃሽ በደንብ አስረጂው። የታክስ አስተዳደር አዋጁ (983/2008) ሰነድ አገር ውስጥ እንዲቀመጥ ያዛል። ግብር ሰብሳቢው የግብር ውሳኔውን የሚያሻሽልበት ጊዜ በመደበኛው 5 ዓመት ነው፤ ማጭበርበር ካለ ግን ገደብ የለውም። እኔ የሒሳብ ሰነድ 10 ዓመት ብዬ ነው የምይዘው። ኦዲተር ሲመጣ ማህተም ያለበትን ዋናውን ደረሰኝ ነው የሚጠይቅሽ። ስካኑ የሚጠቅመው ቶሎ ለማግኘትና እሳት ወይም ውኃ ቢመጣ ባዶ እጅ ላለመቅረት ነው።

ከድሮው አትጀምሪ። ከዛሬው ቫውቸር (የክፍያ ሰነድ) ጀምሪና ወደ ኋላ ሂጂ። አንድ ነገር ብቻ ቅደም ተከተሉን ይሰብራል፦ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ። የሚታተመው በሙቀት ስለሆነ ይደበዝዛል፤ ሙቀት ያለበት መጋዘን ውስጥማ ነጭ ወረቀት ሆኖ ታገኚዋለሽ። እሱን ሳይውል ሳያድር ስካን አድርጊ። የኮፒ ኮፒውን ደግሞ ለይተሽ አውጪ። አንዱ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ግዢም ስቶርም ሒሳብም ጋ ተቀምጦ የሚገኝበት ቢሮ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ስም አወጣጡ። «ስካን001» እየተባለ የተከማቸ ፋይል ከመጋዘኑ አይሻልም፤ መጋዘኑ ቢያንስ የቦክሱ ጀርባ ላይ ጽሑፍ አለው። አንድ ቫውቸር ከነአባሪው አንድ ፋይል ይሁን፤ ስሙም የቫውቸሩ ቁጥር። ከዚያ ኤክሴል ላይ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የተከፋዩን ስም፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥሩን፣ የገንዘቡን መጠንና ወረቀቱ ያለበትን ቦክስ መዝግቢ። የቦክሷን ቁጥር ብዙ ሰው ይረሳል፤ ዋናውን አምጪ ስትባዪ የምታድንሽ እሷ ናት።

ቀን ላይ ተጠንቀቂ። «2017-03-12» የእኛ ነው የፈረንጅ? የአገር ውስጥ ደረሰኝና የውጭ ኢንቮይስ ባለበት ቤት ይሄ ያጣላል። አንዱን መርጣችሁ በሱ ጽኑ፤ ሌላውን በሌላ ዓምድ። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ዓምዱን ጽሑፍ አድርጊው። ጥቅምት 30ን 2017-02-30 ብለሽ ብትጽፊ ኤክሴል እንደ ቀን አይቀበልሽም፣ ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም።

ስም መፈለግም እንደዚሁ ነው። አንዷ «ኃይሉ»፣ ሌላዋ «ሀይሉ» ብላ ትመዘግባለች፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል። ፊደል እናስተካክል ብላችሁ ብትስማሙም በሳምንቱ ይረሳል። ስለዚህ በስም ሳይሆን በቲን ፈልጉ፤ 10 አሃዝ ነው፣ «ሐ» እና «ኀ» የለውም። ጽሑፉን ፕሮግራሙ ራሱ ያነበዋል የሚልሽ ሻጭ ካለ የእጅ ጽሑፍ ቫውቸር ስጪውና እዚያው ይሞክርልሽ። የታተመ አማርኛ በመጠኑ ይነበባል፤ የገንዘብ ያዥ የእጅ ጽሑፍ ግን እኛም አላነበብነው።

የሠራተኛ ማኅደር ለብቻው ይሁን፣ ሁሉም የሚከፍተው ፎልደር ውስጥ አታስገቢው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ (1321/2016) ወጥቷል።

ስካነሩን በተመለከተ፣ ወረቀት በራሱ የሚስብና ሁለቱንም ገጽ የሚያነሳ ይሁን። የምስል ጥራቱ 300 ዲፒአይ ከሆነ ይበቃል፤ ማህተሙና ፊርማው እንዲለይ በቀለም አንሺ። ስቴፕለሩን መንቀል ከስካኑ በላይ ጊዜ ይበላል፤ መንቀያና አንድ ረዳት አስቀድመሽ ጠይቂ። ፋይሉን ቢሮው ኮምፒውተር ላይ፣ ተነቃይ ሃርድ ዲስክ ላይና ከቢሮው ውጭ አንድ ቦታ አስቀምጪ። ሃርድ ዲስኩ ግን ኮምፒውተሩ ያለበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አይደር፤ ሌባ ሁለቱንም ነው የሚወስደው።