ሰርቨሩን አፕዴት አረኩት፣ ኮንቴነሩ ግን አሁንም ቀይ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ፣ ትንሽ ቡድን ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሰርቨሮቹም የኔ ኃላፊነት ናቸው። በቀደም ክፍተት የሚፈልግ ስካነር ሳስኬድ የኖድ ጄኤስ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃው) ኮንቴነራችን (ፕሮግራሙ ከነሚያስፈልገው ሁሉ ታሽጎ የሚሰራበት) ውስጥ ኦፕን ኤስኤስኤል (ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ሊብረሪ) ላይ የደህንነት ክፍተት አለ አለኝ፣ እኔም ወዲያው ሰርቨሩ ላይ ገብቼ በአፕት (ፕሮግራሞችን በሚያወርደውና በሚያድሰው ፓኬጅ ማኔጀር) አፕግሬድ አርጌ ሪስታርት ሁሉ አረኩት፣ ድጋሚ ስካን ሳረገው ግን ያው ቀይ ነው። የተሳሳተው ስካነሩ ነው ወይስ እኔ? እባክዎ ይንገሩኝ።

መልስ፦ ስካነሩ ልክ ነው ወንድሜ። ኮንቴነር ከሰርቨሩ ጋር የሚጋራው ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ነው፣ ኦፕን ኤስኤስኤል ደግሞ ከርነል ውስጥ የለም፣ ሊብኤስኤስኤልና ሊብክሪፕቶ የሚባሉ ሁለት ተራ ፋይሎች ናቸው፣ እነሱም ኢሜጁ (ኮንቴነሩ የሚፈጠርበት እሽግ) በተሰራ ቀን አብረው ታሽገው ገብተዋል። አንተ ያደስከው የሰርቨሩን ቅጂ ነው። የጎረቤትህ ጣራ ስለታደሰ ያንተ ማፍሰሱን አይተውም።

አሁን ምናልባት በዶከር (ኮንቴነሩን በሚያስኬደው ፕሮግራም) ኤክሴክ ብዬ ኮንቴነሩ ውስጥ ልግባና እዛው አፕግሬድ ላርገው ትል ይሆናል። ተው። ለዛሬ የሰራ ይመስልሃል፣ ኮንቴነሩ ተነስቶ ከኢሜጁ እንደ አዲስ የተፈጠረ ቀን አሮጌው ፋይል ተመልሶ ይመጣል። ኢሜጁን ነው እንደገና መስራት ያለብህ፣ እሱም ላይ ወጥመድ አለ፦ ዶከር ፋይሉ (የኢሜጁ አሰራር የተጻፈበት) ላይ ያለው የአፕት መስመር ካልተቀየረ ዶከር "ይሄንንማ ሰርቼዋለሁ" ብሎ የዛሬ ሶስት ወሩን ሌየር (የኢሜጁን አንድ ንብርብር) ከካሽ (ካስቀመጠው) አውጥቶ ይሰጥሃል። እኔ ራሴ አንዴ ሶስት ጊዜ ቢልድ አርጌ ሶስቴም ያንኑ አሮጌ ቨርዥን ሳገኝ የዴቢያን (ኢሜጁ የቆመበት የሊኑክስ ዓይነት) ሰዎች ናቸው ያላስተካከሉት ብዬ ስራገም ነበር፣ ለካ አንድም ነገር አልወረደም። ስለዚ ቢልድ ስታረግ ፑል እና ኖ ካሽ የሚሉትን ሁለት አማራጮች ጨምርበት፣ አንደኛው መነሻ ኢሜጁን አዲስ ያወርዳል፣ ሌላኛው ካሹን ያስተወዋል።

ያንተ ግን ኖድ ስለሆነ ሌላም ጣጣ አለው፣ እንደውም ዋናው ነገር እሱ ነው። ኖድ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ ተሰፍቶ የገባ የራሱ ኦፕን ኤስኤስኤል አለው፣ ሲስተሙ ላይ ያለውን ዞር ብሎም አያየውም (ከዋናው ማከፋፈያ የወረደውን ማለቴ ነው)። ኖድን ራሱን ከፍተህ ፕሮሰስ ዶት ቨርዥንስ ብለህ ጠይቀው፣ ኦፕን ኤስኤስኤል የሚለው መስመር ላይ የምታየው ቁጥርና አፕት የሚነግርህ ቁጥር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይሄ በ2022 እ.ኤ.አ. በደንብ ታይቷል። ህዳር 1 ላይ (በፈረንጆቹ ኖቬምበር ማለት ነው) ኦፕን ኤስኤስኤል 3.0.7 ወጣ፣ ቀድሞ "ክሪቲካል" (እጅግ አደገኛ) ተብሎ ተነግሮ ስለነበር ሰው ሁሉ ሲርበተበት ከረመ፣ በቀኑ ግን ወደ "ሃይ" (ከፍተኛ) ወረደ። ክፍተቱ ከ3.0.0 እስከ 3.0.6 ያሉትን ብቻ ነው የሚነካው፣ 1.1.1ን አይነካም። ዴቢያን 11 ላይ የተሰራ ኢሜጅ ያለው ሰው ሲስተሙ ላይ ያለው 1.1.1 ስለሆነ ተመስገን ብሎ ተኛ፣ እዛው ኢሜጅ ውስጥ ግን ኖድ 18 ተቀምጧል፣ እሱ ደግሞ 3.0ን ተሸክሟል! ፓይተንም ላይ ክሪፕቶግራፊ የሚባለውን ፓኬጅ በፒፕ (በፓይተን ማውረጃው) ስታወርደው የራሱን ኦፕን ኤስኤስኤል ይዞ ነው የሚመጣው፣ አፕት አይደርስበትም፣ ፓኬጁን ራሱን ነው ከፍ የምታረገው። ጎ በሚባለው ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ጭራሽ ሌላ ነው፣ ጎ የራሱ ክሪፕቶ ስላለው በአዲሱ ጎ እንደገና ኮምፓይል ካልተደረገ ክፍተቱ እዛው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ስካነሩ ችግር የለም ይለኛል፣ የኦፕን ኤስኤስኤሉን ቨርዥን ሳየው ግን ተጠቂ ከተባሉት ውስጥ ነው። የቱን ልመን?

መልስ፦ ዴቢያን ወይ ኡቡንቱ ከሆነ ስካነሩን እመኚ እህቴ። እነሱ ብዙውን ጊዜ አዲስ ቨርዥን አያመጡም፣ መፍትሄውን ብቻ ቆርጠው አሮጌው ላይ ይለጥፉታል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሃርትብሊድ የሚባለው የኦፕን ኤስኤስኤል ክፍተት ሲመጣ ኦፕን ኤስኤስኤል ያስተካከለው 1.0.1ጂ ላይ ነው፣ ዴቢያን 7 ግን 1.0.1ኢ-2+ዴብ7ዩ5 ብሎ አወጣው። "1.0.1ኢ" የሚለውን ብቻ ያየ ተጠቂ ነው ይላል፣ መዳኑ ያለው መጨረሻው ላይ "ዩ5" የምትለዋ ጋ ነው። እስከ ጅራቱ ማንበብ ነው። አንድ ነገር ግን፣ ስካነሩ የሚያውቀው ፓኬጅ ማኔጀሩ የመዘገበውን ነው፣ አንድ ሰው በእጁ ኮምፓይል አርጎ የከተተውን ላያየው ይችላል።

ጥያቄ፦ ሊብረሪውን ካደስኩ በኋላ ሰርተፊኬት (የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠውን) ቀይር የሚሉኝ ለምንድነው? ክፍተቱ ተዘግቷል አይደል እንዴ?

መልስ፦ እንደ ክፍተቱ ነው። ሰርቨሩን የሚያንጠለጥል ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ በ2022 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ ሰርተፊኬት ሲያነብ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ የሚገባው ዓይነት፣ ማደስ ይበቃል። ሃርትብሊድ ዓይነቱ ግን በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት ከሜሞሪ ያሾልክ ነበር፣ በተለመደው ሎግ ላይም አይመዘገብም፣ የወጣው ፕራይቬት ኪይ (የሰርቨሩ ሚስጥራዊ ቁልፍ) ይሁን የሰው ፓስወርድ አታውቅም። ስለዚ አዲስ ኪይ ታወጣለህ፣ አሮጌውን ሰርተፊኬት ታሰርዛለህ። አዲሱን ኪይ ደግሞ አደራ ኢሜጁ ውስጥ አትክተተው፣ አንዱ ሌየር ላይ ገልብጠህ ቀጣዩ ላይ ብታጠፋውም ታችኛው ሌየር ላይ ቁጭ ብሏል፣ ኢሜጁን ያወረደ ሁሉ ያገኘዋል።