መልስ፦ ያለ ሙቀት ኤሌክትሪክ ስለማመንጨት

ውድ ጠያቂ፣ ሶላር ፓኔል የሚሠራው በፀሐይ ሙቀት ነው ወይስ በብርሃኗ፣ ያለ ሙቀት ኤሌክትሪክ በማመንጨት ረገድስ ምን አዲስ ነገር አለ ብለው ጠይቀዋል። ፓኔሉ የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ብርሃን ፓኔሉ የተሠራበትን ሲሊከን የተባለ ቁስ ሲመታ ከቦታው የሚላቀቀው ኤሌክትሮን በሴሉ (ፓኔሉ ከተገጣጠመባቸው ትናንሽ ክፍሎች በአንዱ) ውስጥ ባለው የኤሌክትሪክ መስክ እየተገፋ ወደ ሽቦው ይፈሳል፤ የሚፈላ ውኃም ሆነ የሚሽከረከር ተርባይን የለም። እንዲያውም ሙቀት ይጎዳዋል፤ ሴሉ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሰጠው ኃይል ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚያስተክል ሰው ከቆርቆሮው ጋር አጣብቆ እንዳያስገጥመው፣ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት እንዲተው አጥብቄ እመክራለሁ።

እኔን ከሁሉ በላይ ተስፋ የሚሰጠኝ አዲስ ነገር ፔሮቭስካይት የተባለው ቁስ በሲሊከን ላይ መደረቡ ነው። ሲሊከን ብቻውን በንድፈ ሐሳብ ከሚያርፍበት የብርሃን ኃይል ከ29.4 በመቶ በላይ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ አይችልም፤ ፔሮቭስካይቱ ግን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን ራሱ ተጠቅሞ ቀዩን ለሲሊከኑ ስለሚያሳልፍ፣ የቻይናው ሎንጂ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከብርሃኑ ኃይል 34.6 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠ ሴል ሠርቷል። ይሁንና ይህ የቤተ ሙከራ ውጤት ነው፤ ፔሮቭስካይት እርጥበት ስለሚያበላሸው ለእኛ ክረምት ዕድሜው ገና አስተማማኝ አይደለምና፣ ለአሁኑ የተለመደውን የሲሊከን ፓኔል ይግዙ።